የባቡሩ ልክ

አያ ሙሄ መጣ ካርቶን ተሸክሞ፣
እንደ ታመመ ልጅ ደረቱ ላይ አጋድሞ።
«ቀስ ብለሽ ክፈቺው» አለኝ፣ «አደራ ጀሚላ።»
እኔ ግን፣ ገና ሲባጎውን ጣቴ ሳይነካ፣
ሰምቻለሁ ከውስጥ፦ ኳ... ኳ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣
ማሸጊያ ክፍል ነው ዕድሜዬን የበላው፤
በደንብ የታሸገ ዕቃ አይናገርም፣
ከተናገረ ግን፣ ብሶት ነው ያለው።

ላዩማ ምን ይወጣለታል! ያብረቀርቃል ገና፣
የተሳለው ባቡር ሜዳ ይሰነጥቃል፣ ሰማዩ ደመና፤
የወርቅ ቀለም ፊደል፣ የላስቲክ መስኮት፣
ለሠርግ የተኳለ ይመስላል ሲያዩት።
ውስጡ ግን ሌላ ነው፦ ስስ የፕላስቲክ ጎድጓዳ፣
ክዳኑ የማይገጥም፣ እንደ ኪራይ ጓዳ፤
እዚያ ውስጥ ስንዝር የማይሞላ ባቡር በጎኑ ተኝቷል።
አንድ ጎማው ወልቋል።
ክር የሚያህለው የበሩ መያዣ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።
ፋኖሱን አገኘን ከካርቶኑ ጥግ፣ የጤፍ ፍሬ አክሎ፤
አያ ሙሄ አነሣው ትንፋሹን ከልክሎ።

«ያ መሐንዲስ ነው፣ ሐዲዱ ሥራ ላይ ሜትር የያዝኩለት፤
ባቡሩን ታየዋለህ ብሎኝ ነበር፣ የሄደ ዕለት።»
እንግዲህ ቃሉንስ ጠበቀ ሰውየው፤
ማሸጉን ነው እንጂ ያላወቀው።

ጀመርኩ።
ጎማውን መለስኩ። ፋኖሱን በሙጫ፣ በመርፌ ጫፍ ነክቼ።
ድርቡን መረጥኩለት፣ የዘይት ካርቶን፣
ሽንሽኑ ቁልቁል የሆነ፣ ክምር ሲጫነው እንዲችል ክብደቱን።
ካሮጌ ፍራሽ ላይ ስፖንጅ ቆረጥኩ በምላጭ፤
ቢሰፋ ይንኳኳል፣ ቢጠብ ይሰብራል፣
ልክ የምትባለዋ መሐል ላይ ናት፣ ፀጉር ታህላለች።
ሦስት ጊዜ ለካሁ። እሱ አራተኛ ሊለካ ሲል ሜትሩን ነጠቅኩት።
ደግሞ ስፖንጅ ሲያረጅ፣ በኮምቦልቻ ሙቀት፣
ቀለም ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ከመሐል ስስ ወረቀት፣
ያ ሸሚዝ አንገት ውስጥ የምናደርገውን።
ከሆዱ ሥር ጥብጣብ፣ ሲያወጡት እንዲስቡት፣
በጣታቸው ጌጡን እንዳይቆነጥጡት።
የሚሸከም ሆዱ ይሸከም። ስሱን ነገር
ምንም አይንካው፤ ትራሱ አየር ይሁን፣ ባዶ አየር።

«በምን እናውቃለን?» አለኝ።
«ሐረጎ ያውቃል።»

የደሴ ሚኒባስ። እሱ ጭኑ ላይ ሊያደርገው ነበር፣
እኔ ፖርቶመጋላ ላይ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር
አስጫንኩት። አኮረፈኝ።
በየጥምዝምዙ ቢስሚላህ እያለ፣
ጣራው ላይ የታሰረው እሱ ይመስል፣ ግራ ቀኝ ዋለለ።

ቧንቧ ውሃ ወረድን፣ ጉሙ መሬት ነክቶ፤
የሊስትሮ ወንበር ለምነን አኖርነው፣
አያ ሙሄ ፈታው እጁ ተንቀጥቅጦ።
ወረቀቱ እንኳ አልተሸበሸበም።
ጥብጣቡን ሳበው። ባቡሩ ብቅ አለ፣ ፋኖሱ በቦታው።
ሊስትሮው ብሩሹን ጥሎ መጣ።

«ማሻአላህ» አለ ሙሄ። ዓይኑ ግን ባቡሩ ላይ አልነበረም፤
ስፖንጁን ነበር የሚያየው፣
ባቡሩ የወጣበትን ጉድጓድ።
«ይህን አውቀዋለሁ» አለኝ። «ተራራውን ስንቦረቡረው
ልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቁመቱ ይህን ያህል፣
ወርዱ ይህን ያህል፣ ግራና ቀኝ ደግሞ
ባዶ አየር።
ማሸጊያው ተሠርቷል እኮ ጀሚላ።
ዕቃው ነው የቀረ።»

ሲመሽ፣ ቁልቁል ስንመለስ፣ ካርቶኑን ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኩት።
ዝም።
በመስኮት ወደ ተራራው ጆሮዬን ጣልኩ።
እሱም ዝም።
ደስ ሊለኝ ነበር።
ባዶ ካርቶንም ለካ አይንኳኳም።